«ኢንቡርኸረን»፦ ሀገር መልመድን ፈተና ያደረገው የሆላንድኛ ግስ

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሮተርዳም ውስጥ ቡና ሲቀዳ ጠጋ ብላችሁ ጨዋታውን ስሙ። ወሬው በአማርኛ ነው። «ኢንቡርኸሪንግ ጨረስሽ እንዴ?» ትላለች አንዷ። «የት ጨረስኩ! ማንበቡንማ አልፌያለሁ፤ የቀረኝ መናገር ነው» ትላለች ሌላዋ። ቃሉን የሚተረጉመው የለም። መተርጎም እንደሚያስፈልገው እንኳ ትዝ የሚለው የለም።

ይህ ቃል የወጣበት ግስ «ኢንቡርኸረን» ነው፤ አዲስ ሀገር ገብቶ መልመድ እንደ ማለት ነው። ሆላንዶች ሕግ አውጥተውበታል፣ ፈተና አዘጋጅተውበታል፣ ቅጣት ቆርጠውበታል፣ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤትም ተካሰውበታል። ግሱ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ ኑሮ ነበረው። ያንን ኑሮውን ካላወቅን አሁን ያለበት ውዝግብም በደንብ አይገባንም። ሰዋስዉ ራሱ ከሕጉ ጋር ይጣላል ብል ማጋነን አይመስለኝም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አንዷ ብቻ የኛ ናት፣ ስደርስባት እነግራችኋለሁ።

ከሥሩ እንጀምር። ግሱ ሦስት ቁራጭ ነው። «ኢን» ማለት ወደ ውስጥ ነው። «ቡርኸር» ዜጋ፣ የከተማ ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ግስ ማድረጊያ ናት፤ አብዛኛው ሆላንዳዊ ሲናገር ይውጣታል። መሐል ያለው «ኽ» ሲጻፍ የእንግሊዝኛዋ «ጂ» ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን ጉሮሮ ይፍቃል። የኛ ሰው ለዚህ ድምፅ ብዙ አይቸገርም። የሚያስቸግረው «ቡ» ብዬ የጻፍኩት ነው፤ «ቡ»ም «ብ»ም ያልሆነ፣ ከንፈር አሹሎ የሚወጣ ድምፅ ነው።

«ቡርኸር» በበኩሉ ከ«ቡርኽ» ይወጣል። ቡርኽ በጥንቱ የጀርመን ቋንቋዎች ቤተሰብ ውስጥ የተመሸገ ቦታ፣ ቅጥር ያለው ምሽግ ነው። የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች ተራራ ከሚለው «ቤርኽ» ጋር ያዛምዱታል። ሰው ጠላት ሲመጣበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሰፍራል፣ ያጥረዋል፣ ውሎ አድሮ ከተማ ይሆናል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «አምባ» የሚለው ቃላችን ተራራም ነው፣ ምሽግም ነው፣ መንደርም ነው። ቡርኸር ማለት እንግዲህ የአምባው ሰው ነው። በሩ ማታ ሲዘጋ ውስጥ የሚቀረው።

የዚህ ሥር ዘመዶች ዓለምን ሞልተዋል። ጆሃንስበርግ፣ ሳልዝበርግ፣ ፒተርስበርግ ሁሉም ከዚሁ ናቸው። ቦሌ ቁጭ ብላችሁ የምታዙት በርገርም ከሃምቡርግ ከተማ ስም ተቆርጦ የመጣ ስለሆነ የሩቅ ዘመድ ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ ከዚሁ ሥር «ቡርዧ»ን አወጡ። አሁን ያቺ የኛዋ ዓመት መጣች፦ በ1966ቱ አብዮት ዘመን ተማሪው «ንዑስ ከበርቴ» እያለ ሲሰዳደብ የተረጎመው ይህንኑ ቃል ነበር። ሆላንድኛም ይህን የስድብ ጣዕም አላጣውም። «ቡርኸርለክ» አንድም ስለ ሕግ ጉዳይ ሲነገር «ሲቪል» ማለት ነው፣ አንድም ደግሞ ስለ ሰው ሲነገር መጋረጃውና የጎረቤት ሐሜት ብቻ የሚያስጨንቀው፣ ሕይወቱ ጠባብ የሆነ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ከራሳችን ቃል ጋር ላነጻጽር። «ዜጋ» ዛሬ መብት ያለው ሰው ነው። በድሮው የጎጃም የመሬት ሥርዓት ግን ዜጋ የሚባለው በጌታ ሥር ያደረ፣ የርስት መብት የሌለው ሰው ነበር። የሆላንዱ ቃል ከቅጥሩ ውስጥ ጀምሮ ወጣ፤ የኛው ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። ሁለቱን እኩል አድርገን ስንተረጉም ይህ ታሪክ ይጠፋል። ለማንኛውም ወደ ግሱ እንመለስ።

እርባታው ላይ ነው ጉዱ። ኢንቡርኸረን ተለያይ ግስ ነው። በተራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ «ኢን» ከፊት ተነቅሎ መጨረሻ ላይ ይሄዳል። እኔ ሲሆን «ኢክ ቡርኸር ኢን»፣ አንተ ሲሆን «የይ ቡርኸርት ኢን»፣ እሱ ሲሆን «ሄይ ቡርኸርት ኢን»። እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ ሲሆን አንድ ነው፤ «ቡርኸረን ኢን»። ለ«እርስዎ» የሚሆነው ተውላጠ ስም «ኡ» ነው፤ እሱም «ቡርኸርት ኢን» ይላል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ በ«ኡ» ነው የሚጻፈው። አክብሮ ይቀጣል።

አንድ ተንኮል ደግሞ አለ። «አንተ» ከግሱ በኋላ ሲመጣ፣ ለምሳሌ በጥያቄ ላይ፣ «ት» ትወድቃለች፦ «ቡርኸር የይ ኢን?» ለ«እሱ» ግን አትወድቅም። ለምን? ብለው አስተማሪውን ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ «እንዲህ ነው» የሚል ነው።

በ«ቡርኸር» እና በ«ኢን» መካከል የፈለጉትን ያህል ነገር መክተት ይቻላል። መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር፣ በምን ጭንቀት፤ ሁሉም መሐል ይገባል። ሰሚው እስከ መጨረሻዋ «ኢን» ድረስ ግሱ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት አያውቅም። አማርኛ ተናጋሪ ግን በዚህ መማረር የለበትም። እኛም ግሳችንን መጨረሻ ላይ አስቀምጠን ሰውን እናስጠብቃለን።

እንዲያውም ደስ የሚል ነገር አለ። «ኦምዳት» (ስለ) የመሰለ ማያያዣ ሲገባ ሆላንድኛ ግሱን እንደኛ መጨረሻ ላይ ያሳርፈዋል። ያኔ ሁለቱ ቁራጮች ይታረቃሉ፦ «ኦምዳት ኢክ ኢንቡርኸር»፣ ማለትም «ሀገሩን እየለመድኩ ስለሆነ»። «ልሞክር» የሚለው ዓይነት ግስ ከፊት ሲመጣ ደግሞ «ተ» የምትባል ቃል መሐላቸው ትገባለች፦ «ኢን ተ ቡርኸረን»።

ያለፈ ጊዜው «ቡርኸርደ ኢን» ነው፤ ለብዙ «ቡርኸርደን ኢን»። እዚህ ላይ «ደ» ይሁን «ተ» የሚለውን የሚወስን አንድ የማስታወሻ ቃል አለ፤ «ት ኮፍስኺፕ» ይሉታል፣ የድሮ ጀልባ ስም ነው። የግሱ ሥር የመጨረሻ ድምፅ በዚህ ቃል ውስጥ ካሉት ተነባቢዎች አንዱ ከሆነ «ተ»፣ ካልሆነ «ደ»። «ር» ጀልባዋ ላይ አልተሳፈረችም፤ ስለዚህ «ደ»።

የተፈጸመው ቅርጽ «ኢንኸቡርኸርት» ነው። «ኸ» የምትለው የፍጻሜ ምልክት ከፊት አትቀመጥም፤ በ«ኢን» እና በ«ቡርኸር» መካከል ሰርስራ ትገባለች። መጨረሻው ሲጻፍ በ«ድ» ነው፣ ሲነገር ግን «ት» ነው። «ሄይ ቡርኸርት ኢን» ላይ ያለችው «ት» እና ይህቺኛዋ «ድ» ለጆሮ አንድ ናቸው። በዚህ የተነሳ ተወልደው ያደጉበት ሆላንዶችም ሳይቀሩ ይሳሳታሉ፤ የ«ድት» ስህተት ይሉታል፤ የሥራ ማመልከቻ ላይ ከተገኘ ያስንቃል። «ሠ» ወይስ «ሰ»፣ «ሐ» ወይስ «ሀ» ብለን የምንነታረክ እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ አንሄድም።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደረስን። ሆላንድኛ የተፈጸመ ነገር ሲናገር ከሁለት ረዳት ግሶች አንዱን ይመርጣል። አንዱ «ሄበን» ነው፤ መያዝ፣ ማግኘት። ሌላው «ዜይን» ነው፤ መሆን። ሠራሁ፣ በላሁ፣ ተማርኩ ሲል በ«ሄበን» ነው፤ ሰውዬው ያደረገው ነገር ነው። አደግሁ፣ ደረስኩ፣ ሞተ ሲል በ«ዜይን» ነው፤ ሰውዬው የሆነው፣ የተለወጠበት ነገር ነው። መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ ኢንቡርኸረን የትኛውን እንደሚወስድ እዩ። «ዜይን» ነው። «ኢክ ቤን ኢንኸቡርኸርት»። እንደ ማደግ ነው። ሲያድር፣ ሲቆይ፣ ሳይታወቅ የሚመጣ ነገር። አማርኛችን ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፦ ለመደ። «ሀገሩን ለመደ፣ ሰውን ለመደ» እንላለን። ማንም ሰው ተነስቶ «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልለምድ ነው» አይልም።

የግሱ የድሮ ደንበኞችም ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ሆላንዶች ስለ ልማድ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ቃል፣ ስለ እንስሳ ነው «ኢንኸቡርኸርት» ሲሉ የኖሩት። ከሌላ ቋንቋ መጥቶ የቤት ልጅ የሆነ ቃል ኢንኸቡርኸርት ነው። ለምሳሌ «ፒከረን» የሚል ግስ አላቸው፤ በሐሳብ መብሰልሰል ማለት ነው። ይህ ቃል ከኢንዶኔዥያ ቅኝ ግዛታቸው ከማላይኛ የመጣ ነው፤ ማላይኛም ከዐረብኛው «ፊክር» ነው የወሰደው። ዛሬ ማንኛዋም የሆላንድ አሮጊት ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳት ፒከረን ታደርጋለች። ቃሉን ማንም ፈተና አላስቀመጠውም። የኛ መኪና፣ ካልሲ፣ ፖስታም እንዲሁ ናቸው።

የአምስተርዳምና የዴንሃግ ፓርኮች ውስጥ ደግሞ አንገቱ ላይ ቀለበት ያለው አረንጓዴ በቀቀን ታያላችሁ። ከቤት አምልጦ ነው የተራባው። ብርዱን ችሎ፣ ዛፍ ላይ ጎጆ ይዞ፣ ቤተሰብ መሥርቶ ይኖራል። የወፍ አጥኚዎቹ «ኢንኸቡርኸርት» ብለው መዝግበውታል። የዚህ ወፍ ዝርያ በሀገራችን ሰሜን ምዕራብም አለ። የሱ ኢንቡርኸሪንግ ቀለለ።

ሰው ላይ ሲደርስ ግን ግሱ ተቀየረ። በ1998 ሆላንድ አዲስ ገቢዎች እንዲማሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች፤ 600 ሰዓት የቋንቋ ትምህርት ነበረው። በ2006 ሌላ ሕግ ተከተለ፦ ትዳር ወይም ቤተሰብ ብሎ ሆላንድ የሚሄድ ሰው ገና ሀገሩ ሳለ በኤምባሲ መፈተን አለበት ተባለ። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ፣ ሆላንድን ሳያይ፣ መልመዱን እንዲጀምር። መጀመሪያ ላይ ያ ፈተና ከኮምፒውተር ጋር በስልክ የሚደረግ ነበር። አሜሪካዊ፣ ጃፓናዊ፣ ካናዳዊ፣ አውስትራሊያዊ ይህ አይመለከተውም። እዚህ ላይ ዝም ብዬ አላልፍም፦ የጃፓን ቋንቋ ከአማርኛ ይበልጥ ለሆላንድኛ ይቀርባል ያለ ሰው ካለ ይንገረኝ።

በ2007 ፈተናውን ማለፍ ግዴታ ሆነ። ከዚያ ወዲህ «ኢንቡርኸሪንግስፕሊኽትኽ» የሚል ረጅም ቃል ተወለደ። «የመልመድ ግዴታ ያለበት» ማለት ነው። ቃሉን በአማርኛ ስታነቡት ፈገግ ካላችሁ፣ ነገሩ ገብቷችኋል። ከተማ ውስጥ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ይህ ግዴታ የለበትም። ለሥራ የመጣው ባለሙያም፣ «ኤክስፓት» የሚባለው፣ የለበትም። አምስተርዳም ውስጥ አሥር ዓመት ኖሮ ዳቦ መግዣ ያህል እንኳ ሆላንድኛ የማይችል ሰው ሞልቷል፤ ኢንቡርኸረን አድርግ ያለው የለም። ግሱ ተሳቢ አይፈልግም ነበር፤ አሁን ግን ባለቤቱን ይመርጣል።

በ2013 ነገሩ ከረረ። ስደተኛው ትምህርት ቤቱን ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ ከፍሎ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጨርስ ተደረገ። ገንዘብ ከሌለው ከመንግሥት እስከ 10,000 ዩሮ ይበደራል። ጥገኝነት ያገኘ ሰው በጊዜው ካለፈ ብድሩ ይሰረዝለታል፤ ካላለፈ ብድሩም ይቀራል፣ ቅጣትም ይጨመራል። ፊደሉን ገና እየቆጠረ ያለ ሰው የትኛው ትምህርት ቤት ጥሩ፣ የትኛው አጭበርባሪ እንደሆነ እንዲለይ ተጠበቀ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ብሩን ሰብስቦ ትምህርቱን ረሳው። በ2017 የሀገሪቱ ዋና ኦዲተር ውጤቱ መጥፎ መሆኑን ጻፈ። በ2018 የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቫውተር ኮልሜስ ሥርዓቱ መቀየር አለበት አሉ።

አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ጥር 1 ቀን 2022 ነው። አሁን ኃላፊነቱ ወደ ማዘጋጃ ቤቶች ተመልሷል። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ለትምህርቱ አይከፍልም፤ በቤተሰብ የመጣው ግን ራሱ ይከፍላል ወይም ይበደራል። የሚጠበቀው የቋንቋ ደረጃ በአውሮፓ መለኪያ ከ«አ2» (ከጀማሪ) ወደ «ቤ1» (ወደ መካከለኛ) ከፍ ብሏል። መንገዱ ሦስት ነው፦ አንዱ ቋንቋውን ከሥራ ጋር፣ አንዱ ለወጣቶች ወደ ትምህርት የሚያሻግር፣ ሦስተኛው ትምህርት ለሚከብዳቸው። ይህ ሦስተኛው 800 ሰዓት የቋንቋ ትምህርትና ሌላ 800 ሰዓት የተሳትፎ ሥራ አለው። በጎ ፈቃድ አገልግሎትም ሊሆን ይችላል፣ የሥራ ልምምድም። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም ይልቅ ለግሱ የድሮ ትርጉም የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ሰው ከሰው ጋር ሲውል ነው የሚለምደው።

የድሮው ሕግ ጣጣ ግን አላለቀም ነበር። አንድ ኤርትራዊ ልጅ በ17 ዓመቱ ሆላንድ ገባ፤ ጥገኝነት አገኘ፤ በ2018 የኢንቡርኸሪንግ ግዴታ እንዳለበት ተነገረው። በጊዜው አልጨረሰም። 500 ዩሮ ተቀጣ፤ የተበደረውን 10,000 ዩሮም ክፈል ተባለ። ቆይቶ በቂ ጥረት አድርጓል ተብሎ ከፈተናው ነፃ ሆነ፤ ዕዳው ግን ቀረ። ጉዳዩ ሉክሰምበርግ ወዳለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ የተከራካሪን ስም ለመሸፈን የፈጠራ ስም ይሰጣል፤ ለዚህ መዝገብ የሰጠው «ከረን» የሚለውን ነው። የኤርትራን ካርታ የሚያውቅ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ፍርዱ የተሰጠው በየካቲት 4 ቀን 2025 ነው። ሀገራት ስደተኛውን ተማር፣ ተፈተን ማለት ይችላሉ፤ ይህ አልተከለከለም። ግን የእያንዳንዱ ሰው ሁኔታ መታየት አለበት። ወደቀ ብሎ በደፈናው መቅጣት አይቻልም፤ ቅጣት የሚገባው ለየት ባለ ሁኔታ፣ ሰውዬው ፈቃደኛ አለመሆኑ በማስረጃ ሲረጋገጥና ሲደጋገም ነው። የትምህርቱንና የፈተናውን ወጪ በሙሉ ስደተኛው ላይ መጫንም አይቻልም። ዳኞቹ ስለ ሰዋስው አንድም ቃል አልተናገሩም። ሆኖም ያሉት ነገር «ዜይን» እና «ሄበን» ከሚለው ልዩነት ብዙ አይርቅም። መማርና መፈተን ሰው የሚያደርገው ነው፤ ሊጠየቅበት ይችላል። መሆን ግን በቀን ተቆርጦ አይታዘዝም።

ሌላ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር አለ፤ በተለይ ከጀርመን ዘመዶቻቸው ጋር በስልክ የሚያወሩትን። ጀርመንኛ መንታ ወንድም አለው፤ «አይንቡርገርን»። ቁራጮቹ አንድ ናቸው። ጀርመን ሀገር ግን ትርጉሙ ዜግነት መስጠት፣ ፓስፖርት ማግኘት ነው። ሆላንድ ውስጥ ለዚያ ሌላ ግስ አለ፤ «ናቱራሊሴረን»። የኢንቡርኸሪንግ ዲፕሎማ ይዞ «ዜጋ ሆንኩ» ብሎ ዘመድ የጋበዘ ሰው ካለ ድግሱ ቀድሟል። ዲፕሎማው ለዜግነት ማመልከቻ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ነው። በመደበኛው አሠራር አምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድ መኖርም ያስፈልጋል። በ2024 የተመሠረተው ጥምር መንግሥት ይህን ወደ አሥር ዓመት ላሳድገው ብሎ በስምምነቱ ላይ አስፍሮ ነበር። ያ መንግሥት ራሱ በሰኔ 2025 ፈረሰ።

ስለዚህ በአማርኛ ምን እንበለው? «ውህደት» የሚሉ አሉ፤ ለእኔ የኬሚስትሪ ክፍል ይሸተኛል። «ዜግነት ማግኘት» ደግሞ፣ እንዳየነው፣ ስህተት ነው። ደብዳቤ የሚተረጉም ሰው «የሀገር መልመጃ ፈተና» ቢል የሚቀርብ ይመስለኛል። ግን ቡና ላይ ያሉት ሴቶች ምርጫውን ጨርሰዋል። ኢንቡርኸሪንግ ብለዋል። ቃሉ ራሱ በነሱ አማርኛ ውስጥ ኢንኸቡርኸርት ነው።

የድሮው ትርጉም ደግሞ በተራው ሰው አፍ ውስጥ ሳይሞት ተቀምጧል። ሆላንዶች አዲስ ሥራ የጀመረን፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የተዛወረን የገዛ ወገናቸውን «ቤን የ አል ኤን ቤይትየ ኢንኸቡርኸርት?» ብለው ይጠይቁታል። «ትንሽ ትንሽ ለመድክ?» ማለታቸው ነው። አንዲት የማውቃት ሴት አዲስ ቤት በገባች በሳምንቱ ደረጃ ላይ ጎረቤቷን አገኘቻት። ሴትዮዋ ይህንኑ ጠየቀቻት። የኛዋ ቆጣ አለች። «ዲፕሎማውን ካገኘሁ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፤ ከፈለግሽ አምጥቼ ላሳይሽ» አለቻት። ሴትዮዋ ግራ ገባት። እሷ የጠየቀችው ማሞቂያው ይሠራ እንደሆነ፣ የቆሻሻ ገንዳው የት እንዳለ ታውቅ እንደሆነ ነበር።